የሦስት ሳምንት ባንድ

በደርግ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ፓንክ የሚባል ሙዚቃ ተጫውቻለሁ ብል የሚያምነኝ የለም። ነገሩን ያመጣው የጓደኛዬ የሸረፋ አጎት ነው። መርከበኛ ስለነበር ፈረንጆች የሚጮኹበት አንድ ካሴት ከአሰብ ይዞ መጣ። ቃሉ ባይገባንም ጩኸቱ ልባችንን ወሰደው። ሸረፋ የቀበሌውን ጊታር፣ ሌላው ጓደኛችን ሙሉጌታ ከበሮውን ያዙ። እኔ ምንም መጫወት ስለማልችል ዘፋኝ ሆንኩ።

ሦስት ሳምንት ተለማምደን ለቀበሌው ሊቀመንበር ለማሳየት አዳራሽ ገባን። ሰውዬው ሽጉጣቸውን እንደታጠቁ ፊት ለፊታችን ተቀመጡ። ጀመርን። የጊታሩ ክር ተበጠሰ፣ ከበሮው ከመድረኩ ተንከባለለ፣ እኔም ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አቁሙ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ይኼ ምንድን ነው?»

ከዚያ ወዲያ የሚታየኝ እስር ቤት ብቻ ነበር። ሸረፋ ግን ቀጥ ብሎ ቆመና «ጓድ ሊቀመንበር፣ ኢምፔሪያሊዝም ሊሞት ሲያጣጥር ነው» አላቸው።

ሊቀመንበሩ አገጫቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ።

«ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ቶሎ ሞተ። እስቲ ድገሙት፣ ትንሽ ይሰቃይ።»

እየዘለልን ደገምነው። ገና ከመጀመራችን የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጨሰና ተቃጠለ፤ ባንዳችንም ከኢምፔሪያሊዝም ቀድሞ ሞተ።