ከመጀመሪያው መልሺው

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ መኪናቸው ውስጥ ከዳንስሆል ሌላ ሙዚቃ አይከፍቱም ነበር። ከምንኖርበት ከክሪስታል ከተማ ኩን ራፒድስ ወዳለው ሥራዬ ሲያደርሱኝ አንዱ ጃማይካዊ ዘፋኝ ይጨርስና ሌላው በዚያው ምት ላይ የራሱን ግጥም ይዞ ይገባል።

«ጋሼ፣ ይሄንን ቅድም ሰምተነው የለም እንዴ?» ስላቸው ይቆጣሉ።

«ሪዲሙ፣ ምቱ፣ ነው አንድ። ሰዎቹ አንድ ናቸው? እስቲ ባስ ጊታሩን ስሚው። የሚጫወተውን ሰው ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም የሚዘፍኑት ግን እሱን ተደግፈው ነው።»

ዳንስሆል ጭፈራ ላይ ዘፈኑ ሰዉን ካስፈነደቀው ዲጄው ያቋርጠውና ከመጀመሪያው ይመልሰዋል። ጋሼ ይህን ልማድ ቤታቸው አስገቡት። ምሳ ላይ ደስ የሚል ወሬ ከሰሙ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ይመቱና «ከመጀመሪያው መልሺው» ይላሉ። የነርስነት ፈተና ማለፌን ደውዬ ስነግራቸው ስልኩን ዘጉብኝ። መልሼ ስደውል፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ «እሺ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» አሉኝ።

ለቅሷቸው ላይ እናቴ በአማርኛ፣ ልጃቸው በእንግሊዝኛ፣ ጓደኞቻቸውም በየአንደበታቸው ስለዚችው ጠረጴዛ አወሩ። ሪዲሙ ያው፣ ድምፁ ግን የየሰዉ ነበር። በመጨረሻ ባለቤታቸው፣ «ላግባሽ ሲለኝ እሺ አልኩት። ጠረጴዛውን መታና ‹ከመጀመሪያው መልሺው› አለኝ» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲበርድ ሁላችንም ሳናስበው ወደ ወንበራቸው ዞረን ጠበቅን። ጠረጴዛውን የመታ የለም። እንዲያ ያለ ወሬ አንዴ ብቻ ተነግሮ አለፈ።