ሀሊሜና ከባዱ ባትሪ

ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ሀሊሜን ውሃ የጠጣ በርበሬ አሸክሜያታለሁ የሚል ነጋዴ ካለ ይቅረብና ይናገር፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከጆንያው አንድ እፍኝ ታነሳለች፣ መዳፏ ላይ ትመዝነዋለች፣ ጆሮዋ ሥር ታንኮሻኩሸዋለች። ከከበደ፣ ሻጩ ሚዛን እንዲደፋለት ውሃ አርከፍክፎበታል ማለት ነው፤ ትመልስለታለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ቀጥ አድርጋ ያቆመችው በዚህች መዳፍ ነው። ያሳሳተቻትም ይህችው መዳፍ ናት።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች በምሕረት እንዲወጡ ባወጀች ሰሞን ነው። ልጇ ኡሚ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የራሷ ስልክ ስለሌላት ሲመቻት የሰው ለምና ነው የምትደውለው፤ መልሶ መደወል የሚባል ነገር የለም። ሀሊሜ ደግሞ ኡሚ በደህናው ጊዜ የላከችላትን በጣት የሚነካ ታች ስልክ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ገበያ ትውላለች። ባትሪው አርጅቶ ቀትር ሳይደርስ ድርግም ይላል። መብራቱም መጣ ሲሉት ይሄዳል።

መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ወደሚጠግነው ወደ ሙስተፋ ሄደች። ሁለት ባትሪ አወጣላት። አንዱ ስስ ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው የአቅሙ ቁጥር ግን ትልቅ። ሌላው ከውፍረቱ የተነሳ የስልኩ ክዳን አይገጥምለትም፤ የራሱን ጎባጣ ክዳን ይዞ ነው የሚመጣው።

«እማማ፣ ቁጥሩን አይመኑ፤ ቁጥር ማንም ይጽፋል። ወፍራሙን ይውሰዱ» አላት።

ሀሊሜ ሁለቱን በሁለት መዳፏ መዘነች።

«ይሄስ ከበደኝ። ውሃ ጠጥቷል።»

ሙስተፋ ሳቀ። «ባትሪ በርበሬ አይደለም እኮ! የከበደው ነው ብዙ የሚይዘው።»

«የከበደ ነገር ሁሉ የሻጭ ተንኮል አለበት፣ ልጄ» ብላ ስሱን አስገጥማ ሄደች። ዕድሜ ልኳን ስትመዝን የኖረች ሴት ናትና አይፈረድባትም።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ኡሚ ደወለች። እንደ አገሩ ልማድ ሰላምታው ረዘመ፤ ጎረቤቱ፣ ላሟ፣ እንሰቱ ሳይቀር ተጠየቀ። በመጨረሻ የልጅቱ ድምፅ ዝቅ አለ።

«እማ፣ ደሞዜን ከለከሉኝ። ሰው ለዓረፋ ሻንጣ ሞልቶ ሲገባ፣ እኔ ባዶ እጄን ብመጣ... ትቀበይኛለሽ?»

ሀሊሜ አፏን ስትከፍት ስልኩ ድርግም አለ።

የሞተ ስልክ ይዛ «ኡሚ! ኡሚ!» ስትል ገበያተኛው እየዞረ አያት። ልጅቷ እዚያ ማዶ የሰማችው ዝምታ ብቻ ነው፤ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ደግሞ ዝምታን እንደ እምቢታ ነው የሚቆጥረው።

ሌላ ሰው ቢሆን ስሱን ለምን ሸጥክልኝ ብሎ ሙስተፋን ደጁ ላይ ቆሞ በሰደበው ነበር። እሷ በርበሬዋን እንደተዘረጋ ለጎረቤቷ ጥላ ሮጠች።

«ሙስተፋ፣ እውነትህን ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከባዱን ስጠኝ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። በዚያ ገበያ ይህን ቃል ከስንት ነጋዴ አፍ ትሰማላችሁ? ትልቅ ሴት ናት!

ከዚያ ወዲያ ስልኳ ጀርባው ጎብጦ ቀሚሷን ወጥሮ ዋለ። ሴቶቹ «ሀሊሜ፣ ጡብ ተሸክመሽ ነው?» እያሉ ሲስቁባት አብራቸው ሳቀች። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፤ ስልኩ አልተዘጋም። ኡሚም አልደወለችም። የምሕረቱ ጊዜ ሊያልቅ ተቃረበ። ሀሊሜ በየሶላቷ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትደውልላት ለመነች።

አንድ ቀን በርበሬ እየመዘነች ሳለ ስልኩ ጮኸ። የማታውቀው ረጅም ቁጥር ነው። ሚዛኑን ከነበርበሬው ለቀቀችው። ሰላምታ ሳታስቀድም ውሃ እንኳ የማትጠይቀው ሀሊሜ አሰላሙ አለይኩም አላለችም፤ ማን ነው ብላም አልጠየቀች።

«ነይ!» አለች። «ባዶ እጅሽን ነይ! ልጄ፣ እጅሽ ራሱ ይበቃኛል!»

ከማዶ የኡሚ ለቅሶ ብቻ ተሰማ። ሀሊሜም አልቸኮለች፤ ስልኩ ይችላል፤ እስኪወጣላቸው ድረስ አብረው አለቀሱ።