ከሰዓቱ ቀድሞ የጮኸው ደወል

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ፣ ድጓ ላይ ካቀረቀርሁ መብል የሚያስታውሰኝ የለም። ስለዚህ ዶሎ ኦዶ በእርዳታ ሥራ ላይ ያለችው ልጄ ሰብለ፣ አርዱዊኖ በሚሏት የጀማሪዎች የኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ ሰሌዳ፣ በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የሚጮህ ደወል ሠርታ ላከችልኝ። ዘጠኙ ግን የፈረንጅ ኖሮ፣ ደወሉ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ጮኸ።

ነጋዴው ጎረቤቴ ሐጂ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። «አካም፣ መሪጌታ! የእናንተ ጾም በቁርስ ሰዓት ይፈታል እንዴ? ባለሙያ ልላክልዎ?»

«አይነካ! የሠራችው ትምጣ» አልኋቸው።

«ናፈቅሽኝ» ማለት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ስልክ አንሥቼ «መሣሪያሽ ተሳስቷል» ብቻ አልኋት።

በሳምንቱ መጣች።

«ልጄ፣ የአገርሽን ሰዓት ረሳሽው?»

አንገቴን አቅፋ፣ «አልረሳሁም፣ አባባ፤ በትክክል ቢጮህ ኖሮ መቼ ይጠሩኝ ነበር?» አለችኝ።