የአክስቴ ተልባ

አክስቴ ውድ የፀጉር ቅባት ይዤ ባዩኝ ቁጥር ብልቃጡን ነጥቀው ያሸቱና፣ «ደሞዝሽን የምትበትኚው ለዚህ ነው? ነይ፣ ተልባ አፍልቼልሻለሁ» ይሉኝ ነበር። ዝልግልጉን ውሃ በአሮጌ ነጠላ አጥልለው ለጎረቤቱ ሁሉ ለፀጉር መቀቢያ ያድሉት ነበር።

ከሆቴሎቹ አጠገብ ሱቅ ያላት ሴትዮም ሙያውን ከእሳቸው ተማረች። ዛሬ በትንንሽ ብልቃጥ እየሞላች ለቱሪስት በውድ ትሸጠዋለች። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ስቀው አለፉት። እኔ ግን አላልፈውም።

በአርባቸው ዕለት፣ እኛ ለሐዘኑ ፀጉራችንን ቅባት ሳናስነካ በተቀመጥንበት፣ እሷ ፀጉሯን በዚያው ተልባ አብለጭልጫ መጣች። «እናቴ ነበሩ» እያለች አለቀሰች። ከዚያ አክስቴ ተልባውን ያጠልሉበት የነበረው መደብ ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሺ፤ እሱንም እንዳትሸጪው» አልኳት።

ተነሳች። መደቡ እስካሁን ባዶ ነው።