በእንዝርት ያስረዳነው ፓምፕ

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ከአቀስታ የተሳፈርንበት ሚኒባስ መካነ ሰላም መግቢያ ላይ ለፍተሻ ቆመ። ከጓደኛዬ ቦርሳ አንድ የታጠፈ ትልቅ ወረቀት ወጣ፤ ለሮኬት ሞተር ነዳጅ የሚገፋ ፓምፕ ንድፍ። የእኔ የመመረቂያ ሥራ ነው። ቦርሳዬ ስላልበቃው እሷ ያዘችልኝ።

ፈታሹ "ሮኬት" የሚለውን አነበበና ሁለታችንንም አስወረደን። ጣቢያ ስንደርስ መርማሪው የማን እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ድምፄ እስኪወጣ እሷ "የእኔ ነው" አለች። የንድፉ ባለቤት ትቆያለች፣ ሌላዋ ጠዋት ትሄዳለች ተባለ።

ክፍሉ እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ሦስት ሴቶች ነበሩበት፤ ወሬው ቀድሞን ገብቷል። ለጓደኛዬ ከበሩ ንፋስ የራቀውን ፍራሽ ለቀቁላት። እኔ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። እማማ የሚሏቸው ትልቋ እስረኛ ጥጥ እየፈተሉ ነበር።

"አብሽሪ ልጄ" አሏት፤ እሷን ብቻ። "ለእኛ ቀበሌ መብራት ሳይገባ ሮኬት ደረሰ በያ?"

ጓደኛዬ ስቃ እንዝርታቸውን ተቀበለች። የፓምፑ ዘንግ እንደዚህ ይሾራል አለቻቸው፤ ግን እጅግ ፈጥኖ። ከተንቀጠቀጠ በዙሪያው ያለውን ብረት ይፍቃል፣ ሞተሩም ሊፈነዳ ይችላል። እስከዚህ ልክ ናት። እማማ መላው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

"ሚዛኑን ማስተካከል ነዋ፣ እማማ።"

አይደለም። የእኔ ዘንግ ሚዛኑ የተስተካከለ ነው። ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ግን በጠባቡ ክፍተት የሚሾልከው ፈሳሽ አብሮት ይዞርና ዘንጉን እየገፋ ያንገዋልለዋል። ስለዚህ የክፍተቱን ግድግዳ በትንንሽ ጉድጓዶች አሻከርኩት፤ የፈሳሹ መዞር እንዲደክም። ይህን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ወደ እኔ ሲዞሩ ዘጋሁት።

እራት ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ እሷን አጎረሷት። ቀናሁ። ሥራዬን ወሰደችው፤ ድፍረቱንም፣ እስሩንም። ስንተኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ነገ ለእናቴ ደህና ናት በያት" አለችኝ። ለእኔ ብላ እንዳደረገችው አውቃለሁ። ማወቄ ቅናቱን አባሰው እንጂ አላበረደውም።

ዛሬም ጓደኛሞች ነን። ሰው መሀል ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት፤ ዛሬም እቀናለሁ። በእስሩ ማግስት ጠዋት ግን ዝም አላልኩም።

ጓደኛዬ ቀድማ ተጠይቃ ተመለሰች። ከዚያ ፖሊሱ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ አለኝ። ቦርሳዬን በሩ ሥር ትቼ ወደ መርማሪው ገባሁ። ንድፉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

"ይሄ የእኔ ነው" አልኩ። ጣቴን ጉድጓዶቹ ላይ አድርጌ ለምን እንደሳልኳቸው ነገርኩት።

"ጓደኛሽ ነገሩ የሚዛን ነው ብላኛለች።"

"ተሳስታለች።"

ንድፉን መልሶ አጠፈው። ከዚያ እሷን እንዲለቋት፣ እኔን እንዲያቆዩኝ አዘዘ። እኔ ወደ ክፍሉ ተመልሼ እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እንዝርቱን እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸውና ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው።