በተናደው መንገድ ላይ የተቀረጽን ዕለት

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የማታ ዜና ሲጀምር ተነሥቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ቂም ይዤ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው።

የምንኖረው ከዳባት ወደ ላይ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። ያን ሰሞን ዝናቡ ገደሉን ንዶ ያለንን አንድ የመኪና መንገድ ዘጋው። የስልክ መስመሩም አብሮ ጠፋ። እንዲጠረግልን ብዙ ቦታ አመለከትን፤ የመጣ ግን የለም።

ልጄ የሻረግ የመጀመሪያዋን ልትወልድ እንደ ወጉ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አምጣ ሳትገላገል ነጋ። አቅሟ አለቀ። ባሏና ጎረቤቶቼ በቃሬዛ ተሸከሟት። የቀሩት ደግሞ ለቃሬዛው ማለፊያ ጭቃውን ሊቆርጡ ዶማና አካፋ ይዘው ቀደሙ።

ከናዳው ማዶ መኪኖች ቆመዋል። ለካ ከከተማ የመጡ እንግዶች እዚያ ካለው ጉብታ ላይ ችግኝ ይተክላሉ። የቴሌቪዥን ሰዎችም አብረዋቸው ነበሩ። ካሜራ የያዘው ወጣት ዶማችንን ሲያይ ሮጦ መጥቶ ቀረጸን። በልቤ «እመቤቴ ሰው ላከችልን» አልኩ።

ማይክ የያዘችው ልጅ ጠጋ ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ። «እናቴ፣ በዛሬው ሥራ ምን ተሰማዎት?»

«ልጄ ልትሞትብኝ ነው። ምጥ ላይ ናት። መንገዱ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ አምቡላንስ አይገባም። ይኸንን ንገሩልን» አልኳት።

ልጅቱ አቀረቀረች። «እሱ ለሌላ ጊዜ ይያዛል እናቴ። ዛሬ የተላክነው ለችግኙ ነው።»

ጎረቤቴ አያ ደሴ ዶማቸውን ተደግፈው፣ «እኛም አንዳንድ ቅጠል ይዘን ብንወጣ ኖሮ ይሰሙን ነበር» አሉ። የሳቀ የለም።

የሰማን የቴሌቪዥን ሰዎቹ ሾፌር ነው። የኋላውን ወንበር አጠፈና «ቃሬዛውን አሻግሩ» አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኛስ በምን እንመለሳለን? ለዜናው አንደርስም» አለችው ልጅቱ።

«እንግዶቹ መኪና ሞልቷቸዋል፤ ከነሱ ጋር ነይ። የኔ ሞላ።»

እኔና የልጄ ባል እየደገፍናት ሾፌሩ ዳባት ጤና ጣቢያ አደረሰን። ከአዋላጆቹ እጅ እስክትገባ ቆሞ ጠበቀና ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ማታ ተራ መጠበቂያው ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ዜና ጀመረ። የእንግዶቹ ስም ከነማዕረጋቸው ተራ በተራ ተነበበ። ቀጥሎ እኛ መጣን። ዶማና አካፋ ይዘን በጭቃው ውስጥ እንታያለን። ዜና አንባቢው «የአካባቢው ነዋሪ ችግኝ ለመትከል በነቂስ ወጥቷል» አለ። ቃሬዛው አልታየም። ከዚያ የእኔ ፊት መጣ። አፌ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፄ የለም። «ነዋሪዎቹ ደስታቸውን ገልጸዋል» ተባለ።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ዘወር ብላ አየችኝ። «እርስዎ ነዎት እንዴ? ምን ብለው ነው?»

«‹ልጄ ልትሞትብኝ ነው› ነበር ያልኩት» አልኳት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ችግኝ አልጠላም፤ ገደሉ የተናደውም ዛፍ ስላጣ ነው ይላሉ። ያቺን ልጅም አልረግማትም፤ የላኳት ሌሎች ናቸው። ግን ከዓይናቸው ሥር የነበረውን ሰው እንዴት ሳያዩት ቀረጹት እያልኩ ዛሬም ይገርመኛል። ሾፌሩን በጸሎቴ «ያ ባሪያህ» እያልኩ አነሣዋለሁ። አምላክ ስሙን ያውቀዋል።

ዜናው አልቆ ብዙም ሳይቆይ አዋላጇ በሩን ከፍታ ጠራችኝ። እናትም ሕፃንም በሕይወት ነበሩ። ተመስገን።

በማግስቱ ጧት የሻረግን ለባሏ ትቼ ወደ ላይ ወጣሁ። ናዳው ጋ ስደርስ ጎረቤቶቼ ማዶ ሆነው አሁንም ጭቃውን ይቆርጣሉ። ብቻዬን ስመለስ ሲያዩኝ ሁሉም ቀጥ ብለው ቆሙ። አያ ደሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለካ ወሬ የነገራቸው የለም። ነጠላዬን አጠበቅሁና፣ ሴት ልጅ ስትወለድ እንደሚባለው ሦስት ጊዜ እልል አልኩላቸው።