የሕዝብ አለንጋ

እናቴ በመንግሥት ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ለኅትመት የሚደረደሩትን የእርሳስ ፊደላት አንድ በአንድ ስትለቅም ኖራለች። የመሪው ስም ከነማዕረጉ አንድ መስመር ተኩል ይፈጅ ስለነበር፣ «ጣቴን የጨረሰው የሱ ስም ነው» እያለች ታስቀን ነበር።

ሕፃን ሳለሁ ኩፍኝ ያዘኝና እናቴ ሦስት ቀን ዓይኗን ሳትከድን ስታስታምመኝ ቆይታ ሥራ ገባች። ያን ዕለት መሪውን «የሕዝብ አለኝታ» የሚለውን ርዕስ «የሕዝብ አለንጋ» ብላ ለቀመችው። አራሚውም አላየውም። ያየው የማተሚያው ክፍል አለቃ ነው፤ ከቁጣው የተነሣ ሠራተኛው ሁሉ «ነብሮ» የሚለው ሰው። ማሽኑ መቶ ያህል ቅጂ አውጥቷል፤ የሳንሱሩ ሹም ደግሞ ደረጃውን እየወጣ ነው።

ነብሮ የብረት መፍቻውን በሚሽከረከረው ማሽን ጥርስ መሃል ወረወረው። ማሽኑ ተንቋቁቶ ቆመ። የታተመው ላይ አንድ ባልዲ ቀለም ደፋበትና ለእናቴ፣ «ርዕሱን ቶሎ አፍርሺው!» አላት።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» አለ ሹሙ ሲገባ።

«መፍቻ ረስቼ ነው ጌታዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ነብሮ ከአለቃነቱ ተሽሮ ሁለት ዓመት መጋዘን ጠረገ። እናቴ እግሩ ላይ ልትወድቅ ብትሄድ፣ «ተነሺ እባክሽ! እዚህ እንኳ የሰውዬውን ንግግር ከማንበብ ተገላገልኩ» ብሎ አሳቃት።

ዛሬም በሕይወት አለ፤ እናቴ ለዕድሜው ሳትጸልይ አትተኛም። ልጆቼ ስንት አያት እንዳላቸው ሲጠየቁ «አምስት» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።